ከመድኃኒት በኋላ እንዴት እናገግማለን?

መግቢያ

በየመንደራችን ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነገር አለ። አንዱ «ሳሉስ ለቀቀኝ፤ ክኒኑ ግን ሆዴን አበላሸብኝ» ይላል። ሌላዋ «ቁስሉ ደረቀልኝ፤ ምግብ ግን አፌ ሲገባ ይመረኛል» ትላለች። ልጇን ያሳከመች እናት ደግሞ «ሽሮፑን ከጀመረ ወዲህ ያስቀምጠዋል፤ መድኃኒቱን ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ብላ ትጨነቃለች።

ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ባለማወቃችን ሦስት ዓይነት ጉዳት ይደርስብናል። አንዳንዱ ሰው ሆዱ ስለታወከ መድኃኒቱን ይጥላል፤ በሽታውም ያገረሽበታል። ሌላው «መድኃኒት ነው፣ ይለፋል» ብሎ አደገኛ ምልክት እያየ ዝም ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚያስቀምጠውን ሕፃን ውሃ መከልከል ነው። በዚህ ምክንያት ሕፃናት ይሞታሉ። ሊድኑ ሲችሉ ይሞታሉ።

በዚህ ትምህርት መድኃኒቱ ለምን እንደሚያውከን፣ ቀላሉን ከአደገኛው እንዴት እንደምንለይ፣ ቤታችን ውስጥ ምን ማድረግ እንደምንችልና ማንበብ መቻላችን በዚህ ረገድ ምን እንደሚጠቅመን እንማራለን።

1. መድኃኒቱ ምንድን ነው?

በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ተሕዋስያን እንላቸዋለን። በአፈር፣ በውሃ፣ በእበት፣ በእጃችንም ላይ ይኖራሉ። ከእነሱ አንዱ ወገን ባክቴሪያ ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ፣ ታይፎይድ፣ ትራኮማ፣ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ፣ አብዛኛው የሚያመረቅዝ ቁስልም ከባክቴሪያ ይመጣሉ።

ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያግድ መድኃኒት አንቲባዮቲክ ይባላል። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ሜትሮኒዳዞል ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ሜትሮኒዳዞል አሜባንና ጃርዲያንም ያጠፋል። አንዳንዱ በክኒን ወይም በእንክብል፣ አንዳንዱ በሽሮፕ፣ አንዳንዱ በመርፌ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ፔኒሲሊን የተገኘው ከሻጋታ ነው። ዳቦ ሲቆይ የሚያወጣውን ዓይነት ሻጋታ እናውቃለን። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ለንደን ውስጥ አንድ ነገር አስተዋለ። ባክቴሪያ በሚያሳድግበት ሳሕን ላይ ሻጋታ ወድቆ ነበር። በሻጋታው ዙሪያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሞተው አገኛቸው። የአንቲባዮቲክ ታሪክ በዚህ መንገድ አንድ ትልቅ እርምጃ ተራመደ። ይህ ማለት ግን ሻጋታ የበላ ሰው ይድናል ማለት አይደለም። ብዙው ሻጋታ መርዝ አለው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንያዝ። ጉንፋን የሚመጣው ከባክቴሪያ ሳይሆን ቫይረስ ከሚባል ሌላ ወገን ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ጥቅሙን ሳያገኝ ጉዳቱን ብቻ ይሸከማል።

2. መድኃኒቱ ለምን ሆድ ያውካል?

ተሕዋስያን ሁሉ ጠላት አይደሉም። በአንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ወዳጅ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ሆዳችን ብቻውን የማይፈጨውን የእህልና የአትክልት ገለባ እነሱ ይፈጩታል። ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቪታሚን ኬ ይሠራሉ። ቦታውንም ስለያዙት ጎጂ ተሕዋስያን በቀላሉ አይሰፍሩም።

ይህን ነገር እናቶቻችንና እህቶቻችን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። እንጀራ የሚጋገረው ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ነው። በእርሾው ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ታዲያ እርሾው ተደፍቶ ቡሃቃው በፈላ ውሃና በሳሙና ቢታጠብስ? የሚቀጥለው ሊጥ በቀኑ አይቦካም። ከጎረቤት እርሾ ይለመናል። ሊጡ እንደ ቀድሞው እስኪሆን ጊዜ ይፈጃል።

አንጀታችንም እንዲሁ ነው። አንቲባዮቲክ ወዳጅና ጠላት አይለይም። የሳንባውን በሽታ ለማጥፋት የወሰድነው ክኒን በአንጀት ውስጥ ያሉትንም ወዳጆች ይገድላል። የዓረም መድኃኒት ዓረሙን ሲያቃጥል የሰብሉንም ቅጠል እንደሚነካ ማለት ነው። ቦታው ባዶ ሲሆን ምግብ በደንብ አይፈጭም፤ ሆድ ይነፋል፤ ተቅማጥ ይመጣል።

ይህ ዓይነቱ ሕመም የጎንዮሽ ጉዳት ይባላል። ዋናው ሥራ ሲሠራ በጎን የሚደርስ ጉዳት ነው። አንቲባዮቲክ ከሚወስዱ 100 ሰዎች መካከል እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ5 እስከ 30 የሚሆኑት ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ተቅማጥ የያዘው ሰው እርግማን ደረሰብኝ ወይም የተበላሸ መድኃኒት ሰጡኝ ብሎ አይደንግጥ።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ይህን ከኮሶ ጋር ያመሳስሉታል። ኮሶ የጠጣ ሰው ይጥወለወላል፤ ያስቀምጠዋል፤ ይደክማል። ከዚያ በመነሣት «መድኃኒት ካላጥወለወለ አይሠራም» ይባላል። ይኼ ለአንቲባዮቲክ እውነት አይደለም። ምንም ሳያውከው የሚድን ሰው ብዙ ነው። ማወኩ መድኃኒቱ መሥራቱን አያሳይም፤ አለማወኩም አለመሥራቱን አያሳይም።

3. ቀላል የሆኑትና ለብቻቸው የሚታወቁት

ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚመጡ ቀላል ስሜቶች አሉ። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መንፋት፣ ቀጠን ያለ ሰገራ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ድካም ናቸው። አብዛኞቹ መድኃኒቱ ባለቀ በጥቂት ቀን ውስጥ ይለቃሉ። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የየአንዳንዱን ጠባይ ብናውቅ አንደናገጥም።

ሀ. ሜትሮኒዳዞል። በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል፤ ሽንትን ሊያጠቁር ይችላል። ሁለቱም ያልፋሉ። ነገር ግን ይህን ክኒን እየወሰዱ ጠላ፣ ጠጅም ሆነ አረቄ መጠጣት ኃይለኛ ትውከት፣ የልብ ምትና ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ክኒኑ ካለቀ በኋላም 3 ቀን መታገሥ ያስፈልጋል።

ለ. ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን። ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋሉ። በሚያርስበት ወይም በሚያጭድበት ሰዓት ሰው ባርኔጣ ያድርግ፤ ገላውን ይሸፍን። ዶክሲሳይክሊን በጥቂት ውሃ ከተዋጠ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥ፤ ከዋጡም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አለመተኛት ነው። ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በክኒን አይሰጥም፤ የልጁን ጥርስ ለዘለቄታው ያበልዘዋል። ለዓይን የሚቀባው ቅባት ግን በዚህ አይቆጠርም።

ሐ. ሪፋምፒሲን። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚወስዱት ነው። ሽንትን፣ ላብንና እንባን ቀይ ብርቱካናማ ያደርጋል። ይህ ደም አይደለም። ይህን ሳያውቁ ፈርተው መድኃኒቱን የሚያቋርጡ አሉ። የሳንባ ነቀርሳን መድኃኒት ማቋረጥ ግን ሕይወትን ማቋረጥ ነው።

መ. አዚትሮማይሲን። ለትራኮማ በየቀበሌው ሲታደል ብዙዎቻችን አውቀነዋል። ማቅለሽለሽና ቀላል ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልፋል።

ሠ. የግርሻ መድኃኒት። ግርሻ የያዘው ሰው የመጀመሪያውን መርፌ ወይም ክኒን ከወሰደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርዱና ትኩሳቱ ይብስበታል፤ ይንቀጠቀጣል። ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲያልቁ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ስለሚችል ሕመምተኛው ወዲያው ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ጤና ጣቢያ ሆኖ ይጠበቃል።

ረ. ነጭ የአፍ ቁስልና የሴቶች ማሳከክ። ወዳጅ ባክቴሪያዎች ሲያልቁ ፈንገስ የሚባል ተሕዋስ ቦታውን ይይዛል። በሕፃን ምላስና ጉንጭ ውስጥ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ይታያል። በሴቶች ብልት ላይ ደግሞ ማሳከክና ወፈር ያለ ነጭ ፈሳሽ ያመጣል። ይህ የአባላዘር በሽታ አይደለም። በባልና በሚስት መካከልም ጠብ ሊያስነሣ አይገባም። በሎሚ ወይም በሳሙና ውስጡን ማጠብ ይብስበታል እንጂ አያድነውም። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ?

4. ተቅማጥ ሲመጣ ምን እናድርግ?

ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። ሕፃን ደግሞ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። «ውሃ ከጠጣ ይብስበታል» የሚለው አነጋገር ብዙ ልጅ ፈጅቷል። ቀዳዳ ያለው እንስራ ውሃው ካለቀ የሚሞላው በመጨመር ነው፤ በመከልከል አይሞላም።

በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባል ዱቄት በእሽግ ይገኛል። ስሙ በእውነት ይገባዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በህንድ አገር ቦንጋኦን በተባለ ቦታ፣ ከጦርነት በሸሹ ስደተኞች ላይ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሐላናቢስ የተባሉ ሐኪም ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጠው በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። ከ100 ሕመምተኞች እስከ 30 ይሞቱ የነበረበት ቦታ የሟቾቹ ቁጥር ከ4 በታች ወረደ። የሰጡትም እናቶችና ዘመዶች ነበሩ። እኛም ማድረግ የምንችለው ይህንኑ ነው።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው፦

እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን። ውሃ አፍልተን እናቀዘቅዛለን። በእሽጉ ላይ የተጻፈውን የውሃ ልክ እናነባለን፤ ብዙ ጊዜ 1 ሊትር ነው። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው ባለ 1 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ለመለኪያ ይበቃል። ዱቄቱን በሙሉ ጨምረን እንበጠብጣለን። ግማሹን ዱቄት ለነገ ማስቀረት ወይም ውሃውን ማሳነስ አይቻልም። ተበጥብጦ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

እሽጉ ካልተገኘስ? በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንጨምራለን። ማንኪያው አፉ ድረስ ልሙጥ ይሁን፤ አይቆለል። ጨው ከበዛ ልጅን ይገድላል። ስለዚህ ለልጅ ከመስጠታችን በፊት እንቅመሰው። ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይደፋና በልኩ እንደገና ይዘጋጅ።

አሰጣጡም እንደሚከተለው ነው፦

ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን፣ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ስኒ ያህል። ከ2 እስከ 10 ዓመት ለሆነ ልጅ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ። ለትልቅ ሰው የፈለገውን ያህል። ሕፃኑ ካስታወከው 10 ደቂቃ ጠብቀን በማንኪያ ቀስ በቀስ እንደገና እንሰጠዋለን። የጡት ወተት አይቋረጥም፤ እንዲያውም ይጨመራል።

ለልጆች ዚንክ የሚባል ክኒንም ይሰጣል። ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ጤና ባለሙያው ባዘዘው መሠረት ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨረሳል።

ተቅማጥ በኃይል የሚያቆም ክኒን ግን ከሱቅ ገዝተን አንወስድም። በአንጀት ውስጥ ያለውን መርዝ አግቶ ሊያስቀረው ይችላል። ለሕፃንማ ፈጽሞ አይሰጥም።

5. ምግብ፣ መጠጥና እረፍት

ሆዱ የታወከ ሰው መጾም የለበትም። ጥቂት ጥቂት እያለ ደጋግሞ ይብላ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ የአጃ ሾርባ ለሆድ ይስማማሉ። በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ብዙ ቅቤ ያለበት ወጥ፣ ብዙ ቡናና አረቄ ለጥቂት ቀን ይቆዩ። ሆዱ ሲረጋ ወደ ወትሮው ምግብ ይመለሳል።

እርጎ የራሱ ወዳጅ ባክቴሪያዎች አሉት። ስለዚህ ለአንጀት ጥሩ ምግብ ነው፤ ተቅማጡንም ሊያቀልለት ይችላል። ነገር ግን እርጎው ካልፈላ ወተት ከሆነ የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱን አፍልተን፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምረን፣ ከድነን እናሳድረው። ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚወስድ ሰው ግን ክኒኑን ከወተትና ከእርጎ ጋር አይዋጥ። ወተቱ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑር።

እንጀራስ? እንጀራ ቢቦካም ምጣድ ላይ ሲጋገር በውስጡ ያሉት ተሕዋስያን ይሞታሉ። እንደ እርጎ አይቆጠርም። ነገር ግን ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና ጎመን ለወዳጅ ባክቴሪያዎች ምግብ ናቸው። ሆዳችን ከረጋ በኋላ እነዚህን መመገብ ወዳጆቹ እንዲራቡ ያደርጋል። ቡሃቃውን በአዲስ ሊጥ መመገብ ማለት ነው።

ጾም ሲሆን ጥያቄ ይነሣል። ለታመመ ሰው ሃይማኖት ይራራል። ክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን፣ ሙስሊሙ ሼኹን ያማክር። ለጤና ባለሙያውም «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ይንገር። እርጎ ባይቻል አጥሚትና ውሃ ይበቃል። ውሃ መከልከል ግን ለሕመምተኛ አይሆንም።

ማገገም ጊዜ ይወስዳል። አብዛኞቹ ወዳጅ ባክቴሪያዎች በጥቂት ሳምንት፣ እስከ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ እስከ 6 ወር ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሰው ክኒኑን በጨረሰ ማግስት ሞፈር ተሸክሞ ልውጣ ባይል መልካም ነው። ጎረቤት በወንፈልም በደቦም ጥቂት ቀን ያግዘው። ሴትም ከሆነች እንስራውን ሌላ ሰው ይሸከምላት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»።

6. ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከዚህ በታች ያሉት ቀላል አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ ከታየ አንጠብቅም፦

1ኛ. ከንፈር፣ ፊት ወይም ጉሮሮ ማበጥ፤ ትንፋሽ ማጠር፤ መላ ሰውነት ማሳከክና ማንደብደብ። ሰውነት መድኃኒቱን ሲቆጣ የሚመጣ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ይቁም፤ ሰውየው በፍጥነት ይወሰድ። የፔኒሲሊን መርፌ የተወጋ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጦ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛ. ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ የቆዳ መላጥ፣ የአፍና የዓይን መቁሰል።

3ኛ. ደም ያለበት ተቅማጥ፤ ወይም ተቅማጥ ከትኩሳትና ከኃይለኛ ቁርጠት ጋር። አንቲባዮቲክ ወዳጆቹን ሲያጠፋ አንድ አደገኛ ባክቴሪያ አንጀትን ሊወርር ይችላል። ይህ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል «ክኒኑን ከጨረስኩ ቆየሁ» ተብሎ አይናቅ።

4ኛ. የሕፃን ዓይን መጎድጎድ፤ ያለ እንባ ማልቀስ፤ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አለመመለስ፤ መፍዘዝ፤ መጠጣት አለመቻል። ልጁ እየደረቀ ነው። በመንገድም ላይ ሕይወት አድኑን እያጠጣን እንሂድ።

5ኛ. የዓይን ቢጫ መሆን።

6ኛ. ጀንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን የተወጋ ሰው ጆሮ መጮህ ወይም አለመስማት፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የወሰደ ሰው ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት መታመም።

7. እናቋርጥ ወይስ እንጨርስ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሆዷ የታወከባት እናት ምን ታድርግ?

ምልክቱ ከላይ ከተዘረዘሩት አደገኞች አንዱ ካልሆነ መድኃኒቱ አይቋረጥም። ፈሳሽ እየጠጣን፣ እየበላን እንጨርሰዋለን። በጣም ካስቸገረን መድኃኒቱን ያዘዘልንን ባለሙያ እንጠይቃለን። እሱ ሊቀይረው ወይም ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ሊያደርግ ይችላል። የሚወስነው ግን ባለሙያው ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ለምን? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት ወር 1941 በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ከተማ አንድ ፖሊስ ክፉኛ ታመመ። ፊቱና ዓይኑ አመርቅዞ ነበር። ፔኒሲሊን በመርፌ ተሰጠው። በጥቂት ቀን ትኩሳቱ በረደ፤ መብላት ጀመረ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን እጅግ ጥቂት ነበርና አለቀ። ከሽንቱ እንኳ እያጣሩ መልሰው ሰጡት፤ አልበቃም። በሽታው አገረሸና በሚቀጥለው ወር ሞተ። ሰውየው መድኃኒቱ ሳይበቃው ቀረ። ዛሬ መድኃኒቱ በእጃችን እያለ እኛው ብንጥለው ምን ይባላል?

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ያልሞቱት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል። ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር። መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ ወደ ሚስት፣ ወደ ልጅ፣ ወደ ጎረቤት ይተላለፋል። ያን ጊዜ ክኒኑ ለማንም አይሠራም።

ስለዚህ የተረፈ ክኒን በመሶብ ሥር ቋጥሮ ማስቀመጥ፣ ለጎረቤት ማካፈል፣ እንክብሉን ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ፣ ለከብት የተገዛውን መድኃኒት ለሰው መስጠት ሁሉ ይቅር። ደግነት መስሎ ጉዳት ነው።

8. ማንበብ መቻላችን ምን ይጠቅመናል?

ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

አንደኛ፣ መድኃኒት ስንቀበል አወሳሰዱ በአማርኛ እንዲጻፍልን እንጠይቅ። ተጽፎ ሲሰጠንም እዚያው አንብበን «እንዲህ ማለት ነው ወይ?» እንበል። «በቀን 3 ጊዜ» ማለት በየ8 ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መዋጥ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ የሚያልፍበትን ቀን እናንብብ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእሽጉ ላይ ያለው ዓመት የአውሮፓውያን ነው፤ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። መጀመሪያ ያለው ቁጥር ወሩ ነው። ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ 8 እንቀንሳለን። ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 እንቀንሳለን። ለምሳሌ 05/2024 የሚል እሽግ ዘመኑ ያለፈው በእኛ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። 11/2024 የሚለው ደግሞ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ገና 7 ዓመት ይቀረዋል» ብሎ ያለፈበትን መድኃኒት ይውጣል።

ሦስተኛ፣ ያልተስማማንን መድኃኒት ስሙን እንጻፍ። በአንድ ወረቀት ላይ የሕመምተኛውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ቀኑንና የደረሰበትን እንጽፋለን። ለምሳሌ፦ «ፔኒሲሊን፤ ፊት አበጠ፤ ትንፋሽ አጠረ።» ይህን ወረቀት ከቤቱ ሌላ ወረቀት ጋር አስቀምጠን፣ ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር እናሳያለን። ሰው ራሱን ስቶ መናገር ባይችል እንኳ ወረቀቱ ይናገርለታል። አንድ መስመር ጽሑፍ ነፍስ ያድናል።

ማጠቃለያ

አንቲባዮቲክ በሽታን ሲያጠፋ ወዳጅ ባክቴሪያዎችንም ይነካል። በዚህ ምክንያት ሆድ ይታወካል፤ አብዛኛው ግን ያልፋል። ተቅማጥ ሲመጣ ውሃ አንከለክልም፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እናጠጣለን። አደገኛ ምልክት ሲታይ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። የታዘዘልንን እንጨርሳለን፤ የሌላ ሰው አንወስድም። ያልተስማማንን ጽፈን እንይዛለን።

ጥያቄዎች

1. አንቲባዮቲክ ለጉንፋን የማይጠቅመው ለምንድን ነው?
2. አንጀት ከእርሾ ቡሃቃ ጋር የተመሳሰለው በምን ምክንያት ነው?
3. ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ባይገኝ በቤታችን ምን ምን በምን ያህል መጠን እንበጠብጣለን?
4. በእሽግ ላይ 03/2023 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓመተ ምሕረት ይሆናል?
5. ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ አራት ምልክቶችን በደብተራችሁ ጻፉ።
6. በቤታችሁ መድኃኒት ያልተስማማው ሰው አለ? ካለ ስለ እሱ አንድ መስመር ጻፉና ለቤተሰቡ አንብቡላቸው።

የቃላት ትርጉም

ማገገም፦ ከበሽታ በኋላ ቀስ በቀስ መበርታት
ማገርሸት፦ ለቀቀ የተባለ በሽታ ተመልሶ መምጣት
የጎንዮሽ ጉዳት፦ መድኃኒት ከዋናው ሥራው ውጪ የሚያደርሰው ጉዳት
ተሕዋስያን፦ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት
ልሙጥ፦ ያልተቆለለ፣ እኩል የሆነ